ከጉሙ ወዲያ ምን ያህል መሬት አለ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን አራት ደብዳቤዎች አንድ ላይ ለማቅረብ የወሰንነው፣ ጠያቂዎቹ በዕድሜም በሚጫወቱት ጌምም ቢለያዩ ጥያቄያቸው አንድ ሆኖ ስላገኘነው ነው። ይኸውም በስትራቴጂ ጌም ውስጥ ገና ያልተገለጠው፣ በጉም የተሸፈነው የካርታ ክፍል ምን ዓይነት መልክዓ ምድርና ምን ያህል ሀብት እንደያዘ፣ እግር ሳይደርስበት መገመት ይቻላል ወይ የሚል ነው። ካርታው የሚከፋፈልባቸውን ትናንሽ መደቦች ተጫዋቾች «ታይል» ስለሚሏቸው እኛም በዚሁ ስም እንጠራቸዋለን።

ጥያቄ፦ «የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለትን አንድ ለአንድ እንጫወታለን፤ የምንመርጠውም ብዙውን ጊዜ አረቢያ የሚባለውን ካርታ ነው። ቃኚ ፈረሰኛዬን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ አንሥቼ ሳላሳርፍ አዞረዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ሁለተኛውን የወርቅ ክምር ሳላገኝ እሱ ወታደሮቹን ይዞ ይደርስብኛል። ካርታውን እንደ ሰፈሩ የሚያውቀው ይመስል በቀጥታ ነው የሚሄደው። ካርታው በየጨዋታው አዲስ ከሆነ ከየት አውቆት ነው? ያጭበረብራል ብዬ ልጠርጥረው?» — የጠባሴ ልጅ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጓደኛህን ከመጠርጠርህ በፊት አንድ ነገር አስብ። ካርታው በየጨዋታው አዲስ ነው፤ ካርታውን የሚሠራው ሕግ ግን ያው የትናንቱ ነው። ለጠባሴ ልጅ ጉም ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገንም። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወርድ ከመኪናው አፍንጫ ፊት ያለው አስፋልት እንኳ አይታይም፤ ሾፌሩ ግን ከዋሻው ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና እንደሚወርድ፣ ከዚያም ደጋው አልቆ ሙቀቱ እየበረታ ሸዋ ሮቢት እንደሚደርስ ያውቃል። ጓደኛህም የሚያየው የአንተን ያህል ነው፤ ከጉሙ በስተጀርባ ምን መኖር እንዳለበት ግን ቀድሞ ቆጥሮ ይዟል።

ቃኚህን ሳታሳርፍ ማዞርህ ለምን እንዳልጠቀመህ በቁጥር እንየው። የሁለት ሰው ካርታ 120 በ120 ነው፤ ይኸውም 14,400 ታይል ይሆናል። ቃኚ ፈረሰኛ በመጀመሪያው ዘመን ዙሪያውን እስከ 4 ታይል ድረስ ስለሚያይ፣ ሲጓዝ በግምት 9 ታይል ስፋት ያለው መስመር እየገለጠ ይሄዳል። ካርታውን በሙሉ ለመግለጥ እንግዲህ 1,600 ታይል ያህል መጓዝ አለበት። ፍጥነቱ በሴኮንድ 1.2 ታይል ስለሆነ ይህ በጌሙ ሰዓት ከ22 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ ያውም ያየውን መልሶ ሳያይ፣ ጫካ ሳያዞረው፣ የጠላት ጦረኛ ሳያባርረው ነው። በዚያን ጊዜ የእናንተ ጨዋታ ሳያልቅ አይቀርም። ስለዚህ ሁሉንም ለማየት መሞከር ከመጀመሪያው የተሸነፈ ሐሳብ ነው፤ የሚያዋጣው የትኛውን ክፍል ሳታይ መተው እንደምትችል ማወቅ ነው።

አሁን ሕጉ የሚሰጥህን እንቁጠር። በተለመደው የአረቢያ ካርታ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት የወርቅ ክምር ይመደባል፤ ዋናው 7 ታይል ሲሆን የቀሩት ሁለቱ አራት አራት ናቸው። አንዱ የወርቅ ታይል 800 ስለሚይዝ ድርሻህ 12,000 ወርቅ ነው ማለት ነው። ድንጋዩ ሁለት ክምር ነው፤ አንዱ 5፣ ሌላው 4 ታይል ሲሆን እያንዳንዱ ታይል 350 ስለሚይዝ ጠቅላላው 3,150 ይሆናል። 8 በጎች፣ 2 የዱር አሳማዎችና 6 የፍሬ ቁጥቋጦዎችም አሉህ፤ ከበጎቹ አራቱ ከታውን ሴንተሩ (ጨዋታውን ከምትጀምርበት ዋና ሕንፃ) አጠገብ ሲገኙ የቀሩት ሁለት ሁለት ሆነው ራቅ ብለው ይቆማሉ። ይህን ዝርዝር በቃልህ ከያዝህ ጨዋታው ገና ሲጀመር ጨለማው ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለህ፤ የማታውቀው የት እንዳለ ብቻ ነው። ያገኘኸውን በየጊዜው ከዝርዝሩ ቀንስ፤ የቀረው ጉም ውስጥ ነው።

የት የሚለውንም ቢሆን በጭፍን አትፈልገው። ሁለተኛው ወርቅ ከአራቱ አቅጣጫዎች በአንዱ አለ እንበል፤ ስትጀምር ለአራቱም እኩል ዕድል፣ ማለትም ሩብ ሩብ ትሰጣለህ። ሰሜኑን ፈጽመህ አይተህ ወርቅ ካጣህ የቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው ሲሶ ይደርሳቸዋል። ከዚያ ምሥራቁን ግማሹን ብቻ አይተህ ተመለስህ እንበል። ብዙ ተጫዋች እዚህ ላይ «ምሥራቅ አይቻለሁ፣ የለም» ብሎ ይዘጋዋል፤ ስሕተቱም ይህ ነው። ምሥራቁ ዕድሉ በግማሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ስሌቱን ብትሠራው ለምሥራቅ አንድ አምስተኛ፣ ለምዕራብና ለደቡብ ደግሞ ሁለት ሁለት አምስተኛ ሆኖ ታገኘዋለህ። እንግዲህ ቀጥሎ ወደ ምዕራብ ወይም ወደ ደቡብ ትሄዳለህ፤ ሁለቱም ባዶ ቢሆኑ ግን ወዴት እንደምትመለስ ታውቃለህ። በደብዳቤህ እንደጻፍኸው ፈረሰኛህን እስከ ካርታው ጫፍ ሰድደህ በቀጭን መስመር ከመለስኸው በየአቅጣጫው ግማሽ የታየ መሬት ትተህ ትመጣለህ፤ ቅርቡን ዙሪያህን ሳትዘጋ ሩቁን ማየትህ ይመስለኛል ያሸነፈህ።

ጓደኛህ ቤትህን በቀጥታ ማግኘቱም ምሥጢር የለበትም። በአረቢያ ካርታ ተጫዋቾች የሚቀመጡት በካርታው መካከል ዙሪያ ስለሆነ፣ ሁለት ብቻ ስትሆኑ አንዱ ከሌላው ፊት ለፊት ይሆናል። ከታች ጥግ ያለችውን ትንሿን ካርታ ተመልክቶ የራሱን ቦታ ያያል፤ ከዚያ በካርታው መካከል አሳልፎ ወዲያ ማዶ ያለውን ነጥብ ይወስዳል፤ አንተ እዚያ አካባቢ ነህ። በተጨማሪም የእሱ ድርሻ ያንተን ያህል እንደሆነ አትርሳ። ሀብቱ የተቀመጠባቸው ቦታዎች ባይመሳሰሉም ብዛታቸው አንድ ነው፤ ሦስት ወርቅ ካለህ ሦስት ወርቅ አለው። ከበጎችህ አንዱ ጥንድ ጨርሶ ካልተገኘ ደግሞ የካርታው ሕግ ተሳስቶ ሳይሆን፣ የጓደኛህ ቃኚ ቀድሞ አግኝቶ ወደ ራሱ ቤት እየነዳቸው ሊሆን ይችላል። የጎደለ ነገርም ወሬ ነው።

በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ መንግሥታት ወደ ጌሙ ሲጨመሩ የገቡትን ኢትዮጵያውያንን መርጠህ የምትጫወት ከሆነ፣ የመጠበቂያ ማማዎችህ ከሌላው ሕዝብ 3 ታይል አርቀው ያያሉ። ብዙ ሰው በቀስተኞቻቸው ፍጥነት ተማርኮ ይህን ይረሳዋል፤ ግማሹን ባየኸው አቅጣጫ ላይ አንድ ማማ ማቆም ግን ቃኚህን ሁለተኛ ጊዜ ከመላክ ያድንሃል።

ጥያቄ፦ «በመሐል ሜዳ የሒሳብ መምህር ነኝ። ሲቪላይዜሽን ስድስትን በዳግማዊ ምኒልክ እጫወታለሁ፤ ካርታው መደበኛ መጠን ያለው፣ ዓይነቱም አህጉራት የሚባለው ነው። ከ4,536 ታይል 1,500 ያህሉን ገልጫለሁ። ከዚህ ውስጥ 900 የብስ ሲሆን 240ው ኮረብታ ነው። ብረት በ4 ቦታ አግኝቻለሁ፤ ሁለቱ የእኔ ናቸው። እስካሁን 3 መሪዎችንና 5 ከተማ መንግሥታትን አግኝቻለሁ። የገለጥኩት ሲሶውን ስለሆነ በጠቅላላው 12 ብረት አለ፣ 8ቱ ገና አልተገኘም ብዬ መርከብ ላሠራ ነው። ስሌቴ ትክክል ነውን?»

መልስ፦ መምህር፣ የተሟላ ቁጥር ስለላኩልን በጣም እናመሰግናለን፤ ይህን ያህል ቆጥሮ የሚጠይቅ አንባቢ ብዙ ጊዜ አይገጥመንም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት በአንጎለላ ስለሆነ፣ ጌሙ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከጨመረ ወዲህ የሰሜን ሸዋ ሰው እሳቸውን ቢመርጥ አይደንቅም። ነገር ግን ስሌትዎን ያሳሳተው በከፊል ይኸው ምርጫዎ ነው።

ማባዛትዎ ትክክል የሚሆነው ያዩት ሲሶ ካላዩት ሁለት ሲሶ ጋር የሚመሳሰል ቢሆን ኖሮ ነበር። የጅሩ ገበሬ የማሳውን ምርት ለመገመት ከአውድማው አጠገብ ያለውን ዛላ ብቻ ቆጥሮ በማሳው ስፋት ቢያባዛ ጎረቤቶቹ ይስቁበታል፤ የመንገዱን ዳር፣ ውሃ የተኛበትንና ጭንጫውን ሁሉ ማየት እንዳለበት ያውቃሉና። እርስዎም ያዩት ከደጃፍዎ ያለውን ነው፤ ያም ደጃፍ በዕጣ የደረሰዎ አይደለም። ጌሙ ለእያንዳንዱ ሥልጣኔ የሚስማማውን መነሻ ስለሚፈልግ ኢትዮጵያን ኮረብታ ወደሚበዛበት አካባቢ ያዘነብላታል። ምክንያቱም የምኒልክ ከተሞች በኮረብታ ላይ ሲቆረቆሩ ከሚያገኙት የእምነት ነጥብ 15 በመቶ የሚሆን ሳይንስና ባህል ይጨመርላቸዋል፤ ሠራዊታቸውም በኮረብታ ላይ ሲዋጋ 4 የውጊያ ጉልበት ያገኛል። በዚህ ጌም ውስጥ ደግሞ ብረት የሚወጣው ከኮረብታ ብቻ ነው። እንግዲህ ኮረብታ የበዛበትን አገር አይተው፣ በኮረብታ ላይ ብቻ የሚገኘውን ማዕድን ቆጥረው፣ ውጤቱን ለዓለም ሁሉ አባዝተውታል። መንዝን ብቻ ያየ ሰው አገሩ ሁሉ ገብስና በግ ነው ቢል እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር 3,036 ቀሪ ታይሎችን እንደ አንድ ዓይነት መቁጠርዎ ነው። የሰው እግር መጀመሪያ የሚሄደው በየብስ ላይ ስለሆነ፣ ከገለጡት 1,500 ውስጥ 900 የብስ መሆኑ የቀረው ዓለም እንዲሁ ነው አያሰኝም። አህጉራት በሚባለው የካርታ ዓይነት በመካከል ሰፊ ባሕር አለ፤ ሰሜንና ደቡብ ጫፉም በረዶ ነው።

ታዲያ በምን እንቁጠር? ብረትን ከጠቅላላው ታይል ጋር ሳይሆን ከኮረብታ ጋር እናነጻጽረው። በ240 ኮረብታ ላይ 4 ብረት ማለት በ60 ኮረብታ አንድ ማለት ነው። ቀጥሎ ያልታየው ዓለም ምን ያህል የብስ እንዳለው መገመት አለብን፤ እዚህ ላይ የሚረዱን ያላገኟቸው ሰዎች ናቸው። በመደበኛው ካርታ የሚጫወቱት መሪዎች እርስዎን ጨምሮ 8፣ ከተማ መንግሥታቱ (በአንድ ከተማ ብቻ የቆሙት ትናንሽ መንግሥታት) ደግሞ 12 ናቸው። ሦስት መሪዎችንና አምስት ከተማ መንግሥታትን ካገኙ፣ የጠፋ ከሌለ በቀር 4 መሪዎችና 7 ከተማ መንግሥታት ጉም ውስጥ ናቸው። እነርሱም እንደ እርስዎ መሬት ይፈልጋሉ። ሁለት ከተሞች በመካከላቸው ቢያንስ 3 ታይል ክፍት ሊኖር ስለሚገባ፣ ከተሞች የመጨረሻውን ያህል ተጠጋግተው ቢሰፍሩ እንኳ ለአንዱ ከተማ 16 ታይል ይደርሰዋል። እያንዳንዱ መሪ አራት ከተማ አለው ብንል 16 ከተሞች ይሆናሉ፤ ሰባቱን ከተማ መንግሥታት ስንጨምር 23፤ 23 በ16 ሲባዛ 368 ታይል ነው። ከዚህ ጥቂቱ የባሕር ዳር ውሃ ሊሆን ይችላል፤ በሌላ በኩል ማንም መሪ እንዲህ ተጣቦ አይሰፍርም፤ ተራራና ምድረ በዳም በየመካከሉ አለ። ስለዚህ እጥፍ አድርገን 800 ያህል የብስ ብንወስድ ብዙ የምንርቅ አይመስለኝም።

ያ አገር እንደ እርስዎ ኮረብታማ ላይሆን ይችላልና ኮረብታውን ከየብሱ አንድ አምስተኛ አድርገን እንውሰደው፤ 160 ይሆናል። በ60 አንድ ሂሳብ ሦስት ብረት ብቻ እናገኛለን። የብሱ 500 ብቻ ቢሆን ሁለት፣ 1,200 ሆኖ ሩቡ ኮረብታ ቢሆን አምስት ይመጣል። እኔ በማስታወሻዬ የምጽፈው «ከ2 እስከ 5፣ ይልቁንም 3» ብዬ ነው እንጂ 8 አልልም። ይህም ቢሆን በአራት ብረት ብቻ ላይ የቆመ ስሌት መሆኑን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ በዕድል አንድ ተጨማሪ አግኝተው ቢሆን ኖሮ ምጣኔው ከ60 ወደ 48 ይወርድ ነበር።

ከስሌቱ በፊት ልጠይቅዎ የሚገባኝን ጥያቄ ግን አሁን ልጠይቅ፤ ብረቱን ለምን ይፈልጉታል? ጋዘሪንግ ስቶርም የሚባለው ተጨማሪ ክፍል ከተጫነልዎት፣ የተቆፈረ አንድ የብረት ቦታ በየተራው 2 ብረት ይሰጣል፤ ሁለቱ የእርስዎ ቦታዎች 4 ይሰጡዎታል። አንድ ባለሰይፍ ወታደር 20 ብረት ስለሚጠይቅ በየ5 ተራው አንድ ማሠልጠን ይችላሉ፤ ከተሞችዎም ከዚህ በፍጥነት ላያመርቱት ይችላሉ። ከዚህ በላይ ብረት ቢያገኙ ማከማቻዎ በ50 ይሞላና የተረፈው ይባክናል። መርከቡን ለብረት ብለው ከሆነ የሚያሠሩት ባያሠሩት ይሻላል።

መርከቡ የሚያዋጣው ለሌላ ነገር ነው። በዚህ ጌም የቅንጦት ሀብት በየአህጉሩ ይለያያል፤ አንዱ አህጉር የያዘውን ሌላው አይዝም። የአንድ ዓይነት ሀብት የመጀመሪያው ቅጂ ለአራት ከተሞች ምቾት ሲሰጥ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅጂ ለእርስዎ ሕዝብ የሚጨምረው ስለሌለ ከመሸጥ በቀር ጥቅም የለውም። ስለዚህ በአገርዎ ያሉት ዓይነቶች እየተደጋገሙ ከመጡ አዲስ ነገር የሚገኘው ከአህጉሩ ድንበር ማዶ ነው። አህጉር የሚባለው በዚህ ጌም በባሕር የተለየ መሬት ብቻ እንዳልሆነ ግን ያስተውሉ፤ በአንድ የብስ ላይ ሁለት አህጉሮች ሊገናኙ ይችላሉ። በእግር እየሄዱ እስካሁን ያላዩት የቅንጦት ሀብት በድንገት ካጋጠመዎ ድንበሩን ሳያውቁት ተሻግረዋል ማለት ነው። ያገኟቸው ሦስት መሪዎችም ያላዩትን አገር ይነግሩዎታል፤ የንግድ ገጹን ከፍተው ለልውውጥ የያዙትን ቢመለከቱ በእርስዎ በኩል የሌለ ሀብት በማን አገር እንዳለ ያያሉ። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ሆኖም ብዙ ተጫዋች ሊገዛ ካልፈለገ ገጹን አይከፍተውም።

ወዴት ይላኩት ለሚለው ጥቂት ምልክቶች ልጨምር። ጥልቀት የሌለው ውሃ የሚገኘው በመሬት ዳር ስለሆነ፣ ከጥልቁ ባሕር ወዲያ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ካዩ ከጎኑ መሬት አለ። መርከብዎ ጥልቁን የሚሻገረው የካርታ ሥራ ጥበብን ካጠኑ በኋላ ነው፤ እስከዚያው ግን ባሕሩ ጠባብ የሆነበትን ቦታ በዳር ዳር ሄደው መፈለግ ይችላሉ። ካርታው በምሥራቅና በምዕራብ የተያያዘ ስለሆነ ወደ ምሥራቅ የሄደ መርከብ በምዕራብ ይመለሳል፤ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ከላኩት ግን ቱንድራና በረዶ ሲጀምር የመሬቱ ተስፋ እያለቀ ነው። ወንዝም ይናገራል። በረሳ ከደብረ ብርሃን ወደ ጃማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ እንደሚሄድ፣ የሮቢ ወንዝ ደግሞ በሌላው በኩል ወደ አዋሽ እንደሚወርድ የሚያውቅ ሰው፣ ወንዞቹ ጀርባ ለጀርባ ከሚለያዩበት ቦታ ላይ ከፍተኛ ቦታ እንዳለ ሳያይ ይናገራል። በጌሙም ወንዝ ከከፍታ ተነሥቶ ወደ ባሕር ወይም ወደ ሐይቅ ስለሚሄድ፣ ጉም ውስጥ የገባ ወንዝ በአንድ በኩል ኮረብታ፣ በሌላው ውሃ ይጠቁማል።

ከሁሉ የምወደው ምልክት ግን የከተማ መንግሥታቱ ነው። አንድን ከተማ መንግሥት ከሁሉም ቀድሞ ያገኘ ተጫዋች ልዑክ በነፃ ይሰጠዋል። ካገኟቸው አምስት መካከል ነፃ ልዑክ ያልሰጡዎት እንዳሉ ያስታውሱ፤ እርስዎ ሳይደርሱ ሌላ መሪ ደርሶባቸዋል፤ ያም መሪ ከሦስቱ አንዱ ካልሆነ ገና ያላገኙት ሰው በዚያ በኩል አለ ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለወደፊቱ። ነዳጅ ዘይት የሚገኘው በበረሃ፣ በቱንድራ፣ በረግረግና ጥልቀት በሌለው ባሕር ነው፤ ጥበቡን እስኪደርሱበት ድረስም አይታይም። ዛሬ ከተማ ለመቆርቆር የማይመችዎትን ምድረ በዳ «ባዶ» ብለው ከማስታወሻዎ አይሰርዙት።

ጥያቄ፦ «የምኖረው አንኮበር ነው። በካርታው ላይ ጥቁር የሆነው እና ግራጫ የሆነው ጉም ልዩነታቸው ምንድን ነው? ወንድሜ አንድ ነው ይለኛል።»

መልስ፦ እህታችን፣ አንድ አይደለም። ጥቁሩ ጨርሶ ያልታየ መሬት ነው። ግራጫው ግን አንድ ጊዜ ታይቶ አሁን ማንም ሰው የማይጠብቀው ነው፤ መልክዓ ምድሩ ትክክል ሲሆን በላዩ ላይ የሚታየው ነገር ሁሉ የቆየ ወሬ ነው። በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ግራጫው ውስጥ የምታዪው የጠላት ቤት ባየሽበት ጊዜ እንደነበረው ተሥሎ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የተሠራው ሰፈር አይታይሽም። ሲቪላይዜሽን ስድስት ደግሞ ጥቁር አይጠቀምም፤ ያልታየውን በአሮጌ ብራና ካርታ፣ የታየውንና የተተወውን በብራና ላይ በተሣለ ሥዕል ያሳያል፤ ወንድምሽ ሁለቱ ብራና ስለሚመስሉት ተምታተውበት ይሆናል። በዚያ ጌም ከግራጫው ይልቅ የሚያሰጋ ሌላ ነገር አለ፤ የባርባሪያን (የየትኛውም መሪ ያልሆኑ ወራሪዎች) ሰፈር የሚበቅለው ማንም በማያየው ቦታ ብቻ ነው። ከሃያ ተራ በፊት አይተሽ «ሰላም ነው» ያልሽው ኮረብታ ዛሬ ሰፈር ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ከጥቁሩ ውስጥ ያለውን ስትገምቺ ብዛትና ቦታ ትገምቻለሽ፤ ከግራጫው ውስጥ ያለውን ስትገምቺ ግን ካየሽው ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ቁጠሪ።

ጥያቄ፦ «ይህ ሁሉ ሂሳብ ለምን አስፈለገ? ማርኮ እና ፖሎ ብሎ ጽፎ ካርታውን ሁሉ መግለጥ አይቀልም?» — ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ ይቀላል። በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት ማርኮ ብለው ሲጽፉ ጥቁሩ ይገለጣል፤ ፖሎ ሲሉ ደግሞ ጉሙ ይነሣል። ብቻዎን ከኮምፒዩተሩ ጋር ሲጫወቱ ማንም አይከለክልዎትም፤ ከሰው ጋር ሲጫወቱ ግን ኮዶቹ ካልተፈቀዱ አይሠሩም። እኔም እጠቀምባቸዋለሁ፤ የምጠቀመው ግን በጨዋታው መካከል ሳይሆን መጨረሻ ላይ ነው። ጨዋታው አሥረኛ ደቂቃ ላይ ሲደርስ ሁለተኛው ወርቅ፣ የጠላት ታውን ሴንተርና ያልተገኙት በጎች የት እንዳሉ በወረቀት ላይ ነጥብ አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ ሲያልቅ ካርታውን ገልጬ ወይም የተቀረጸውን ጨዋታ መልሼ አይቼ ወረቀቱን አነጻጽረዋለሁ። መጀመሪያ ላይ የጠላትን ቤት ብዙ ጊዜ አገኘው ነበር፤ ሁለተኛውን ወርቅ ግን ዘወትር ከእውነተኛው ቦታ አርቄ ወደ ካርታው ጫፍ ነበር የማስቀምጠው፤ ምክንያቱን ያወቅኩት ከብዙ ወረቀት በኋላ ነው፤ ቅርቡን አይቼዋለሁ ብዬ የማስበው ግማሹን ብቻ አይቼው ነበር።